መምሪያው ለልጁ ነው ወይስ ለእኛ?



በዚህ ጽሑፍ ላወያያችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነውን ልጃችንን ቤት ውስጥ እናስተምር ብንል በየትኛው መምሪያ መጽሐፍ እንመራ? የሚል ነው። እኔም በመጀመሪያ የመጽሐፍ ምርጫ ብቻ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ስገባበት ግን የራሴን ሥራ እየመረመርኩ መሆኔን ደረስኩበት።

እኔ በቢቸና ከተማ ሕፃናትን ቁርኣን የማስቀራ ሰው ነኝ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ሲቋረጥ ወላጅ ሁሉ ለጥቂት ወራት አስተማሪ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ዛሬ ነገ ይከፈታል እያልን አሳለፍነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ግጭት ሲነሣ ግን በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። ትልልቆቹ የጀመሩትን አቋረጡ፤ ትንንሾቹ ደግሞ ሳይጀምሩ ዕድሜያቸው ነጎደ። እናትና አባት «እስኪ እኛው እንሞክረው» ያሉት ቅንጦት አምሯቸው አልነበረም።

ከእነዚህ አንዱ ሞጣ የሚኖር ወዳጄ ነው። መንገድ ክፍት በነበረበት አንድ ቀን በደብረ ወርቅ በኩል አድርጎ ቢቸና መጣ። በፌስታል የጠቀለለውን ወፍራም ጥራዝ ከፊቴ አኖረው። በውጭ አገር የምትኖር እህቱ በስልክ የላከችለትን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ አሳትሞት ኖሯል። ከሦስት መቶ ገጽ ይበልጣል፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ሽፋኑ ላይ «ሞንቴሶሪ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል። በስልኩ ውስጥም ሌሎች ሁለት መምሪያዎች ነበሩት። «ኡስታዝ፣ ከሦስቱ የሚሻለውን ምረጥልኝ» አለኝ።

ለምን እንዲህ እንደ ቸኮለ ጠየቅሁት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች በተቃጠሉ ጊዜ የሙስሊሞች ሱቆችም ወድመው ነበር፤ የእርሱም ሱቅ ከእነዚያ አንዱ ነው። «ሱቅ ይቃጠላል» አለኝ፤ «ዕውቀትን ግን ማንም አያቃጥለውም። ልጆቼ ከማንም ልጅ ቀድመው እንዲገኙ እፈልጋለሁ።» ይህን ቃል እንዴት ልነቅፈው እችላለሁ? ይሁንና ወዳጄ ከሄደ በኋላ «ቀድመው» ያለው ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው። ለመሆኑ ማንን ነው የሚቀድመው? ወዴትስ ሲሄድ?

ጥራዙን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በተረፈኝ እንግሊዝኛና በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ሦስት ሳምንት ያህል አነበብኩት። ስለ ሴቲቱ የተጻፈውንም ካገኘሁበት ሰበሰብኩ። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1870 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ተወለደች፤ በ1896 ሮማ ላይ በሕክምና ተመረቀች። በ1907 መጀመሪያ በዚያችው ከተማ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድኾች ሰፈር አንድ የልጆች ቤት ከፈተች። የገረመኝ ቤቱ የተከፈተበት ምክንያት ነው። ወላጆች ቀን ቀን ለሥራ ሲወጡ ጠባቂ ያጡት ልጆች አዲስ የታደሰውን ሕንፃ እየጫሩ ያበላሹ ነበርና፣ የሕንፃው ባለቤቶች ልጆቹን ሰብስቦ የሚይዝላቸው ሰው ፈለጉ። ግድግዳ ለማዳን የተጀመረ ሥራ ነበር ማለት ነው! እርሷ ግን ልጆቹን ተቀምጣ ማየት ያዘች። ባለ ጠጎች የለገሷቸው አሻንጉሊቶች እዚያው ተቀምጠው ሳለ ልጆቹ የሚመርጡት ሥራ እንደ ሆነ አስተዋለች፤ መደርደር፣ መጥረግ፣ መገጣጠም። ዛሬ በየአገሩ በውድ ክፍያ የሚሸጠው ስም የተነሣው ከቀን ሠራተኛ ልጆች መካከል ነው።

ካዘጋጀቻቸው ዕቃዎች አንዱን ልንገራችሁ። አሥር ቀዳዳ ያለው ግንድ እንጨት አለ፤ ለየቀዳዳው ልክ የሆኑ፣ ከላይ መያዣ ያላቸው አሥር ድቡልቡል እንጨቶችም አሉ። ልጁ አንዱን ካለ ቦታው ከከተተ መጨረሻ ላይ የሚገባበት ቀዳዳ የሌለው እንጨት በእጁ ይተርፋል። አስተማሪው «ተሳሳትክ» አይልም። ልጁ ራሱ አይቶ፣ ራሱ አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። በሃያ ዓመት የማስቀራት ሥራዬ «ተሳሳትክ» ያልኩትን ቁጥር አላህ ብቻ ያውቀዋል።

ወደ ምርጫው ልመለስ። በመጀመሪያ ማወቅ ያለብን ስሙ ጠባቂ የሌለው መሆኑን ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የንግድ ምልክት ክርክር የሚያየው አካል «ሞንቴሶሪ» የሚለው ቃል የአንድ ድርጅት የብቻ ሀብት ሊሆን እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ ማንም ሰው የፈለገውን መጽሐፍ ጽፎ፣ የፈለገውን መጫወቻ ሠርቶ ይህን ስም ሊለጥፍበት ይችላል። ሽፋኑ ምስክር አይሆንም። የወዳጄ ትልቁ ጥራዝ ለእያንዳንዱ ሳምንት፣ ለእያንዳንዱ ቀን ልጁ ምን እንደሚማር የደነገገ ነው። ሰኞ ይህን፣ ማክሰኞ ያንን። ይህንን ከራሷ ሐሳብ ጋር ሳስተያየው አልገጠመልኝም። እርሷ ልጁን አይተሽ ለምን እንደ ተዘጋጀ ዕወቂ ትላለች፤ ጥራዙ ደግሞ ገና ያላየውን ልጅ ከሩቅ አገር ሆኖ የማክሰኞ ሥራውን ወስኖለታል። ሁለተኛው መምሪያ በውጭ አገር ያሉ ሙስሊሞች ለልጆቻቸው ያዘጋጁት ነው፤ ኒያቸውን አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን በየገጹ የሚቀለመው ግመልና የቴምር ዛፍ ነው። የሞጣ ልጅ አህያና የጤፍ ማሳ እንጂ ግመል የት አይቶ? ጨረቃና መስጊድ የተሳለበት ወረቀት ሁሉ ተርቢያ አይሆንም። ሦስተኛው ቀጭኑና ሥዕል የሌለው ነው። ዕቃው እንዴት እንደሚቀርብ፣ እጅ እንዴት በዝግታ እንደሚንቀሳቀስ፣ ስንት ቃል ብቻ መናገር እንደሚበቃ፣ ከዚያም ወላጁ ምን እንደሚመለከት ይናገራል። ወዳጄ ሊጥለው ያሰበው ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ያነሣብኝን ጥያቄ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «ይህች ሴት ካቶሊክ ናት። ልጅ በፊጥራ እንደሚወለድ፣ ወላጆቹ ወደዚህም ወደዚያም እንደሚወስዱት በሐዲስ ተነግሮን ሳለ ከእርሷ ምን እንፈልጋለን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሲራ እንደ ተዘገበው በበድር ከተማረኩት ቁረይሾች መጻፍ የሚችሉት የመዲናን ልጆች ጽሕፈት እያስተማሩ ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። እነዚያ ምርኮኞች የልጆቹን ዲን እንዲቀርጹ ግን ማንም አልሰጣቸውም። እጅን ማሠልጠን፣ ዓይንን ማሠልጠን፣ ማዳመጥን ማስተማር ከማንም ይወሰዳል። ልጁ የአላህ አማና እንደ ሆነ፣ ወዴት እንደሚመለስም የሚነግረው መምሪያ ከሮማ አይመጣም፤ እርሱን የምንጠይቀውም እኛው ነን።

ደግሞስ የራሳችንን መቼ አነበብነው? በቀይረዋን የኖሩት ሙሐመድ ኢብን ሰሕኑን (ረሒመሁላህ) ያረፉት በ256 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ870 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሞንቴሶሪ ልትወለድ ልክ አንድ ሺህ ዓመት ሲቀራት። ቃዲ የነበሩትን አባታቸውን እየጠየቁ የሰበሰቡት የአስተማሪዎች ሥነ ምግባር መጽሐፍ የድኻውንና የሀብታሙን ልጅ በእኩል ማየትን ያዝዛል፤ አስተማሪው በቅጣት ከሦስት እንዳያልፍም ይገድባል። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ልጅ ከትምህርት በኋላ ካልተጫወተ ልቡ እንደሚሞት አስጠንቅቀዋል። ኢብን ኸልዱን ደግሞ በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፉት «ሙቀዲማ» የመግሪብና የአንዳሉስ ሰዎች ልጆቻቸውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስተምሩ እያነጻጸሩ መርምረዋል፤ የትኛው ይቅደም የሚለው ክርክር ያን ጊዜም ነበረ። በጭካኔ ያደገ ተማሪ ውሸትንና ሽንገላን ይማራል፣ ልቡም ይሰንፋል የሚለውን ያሰፈሩትም እርሳቸው ናቸው። እነዚህን ስሞች በደርስ ላይ ሰምቻቸዋለሁ። ትምህርታቸውን ግን አርጩሜ ይዤ ነበር የሰማሁት።

አንድ ነገር አስቡልኝ። ሶላት የዲናችን ምሰሶ ነው። ሆኖም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆቻችንን በሶላት እንድናዝዝ የነገሩን ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ነው። ከሰባት በፊት ትእዛዙ እንኳ የለም! ልጅ ያያል፣ ከአባቱ ጎን ይቆማል፣ ይሮጣል፣ ይመለሳል። የልጅ ልጃቸው በሱጁድ ላይ ሳሉ ጀርባቸው ላይ ቢወጣ እስኪበቃው ድረስ ሱጁዱን እንዳስረዘሙ ተዘግቧል። አነስ (ረ.ዐ.) ገና በልጅነት ገብቶ አሥር ዓመት ሲያገለግላቸው አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሉት ራሱ መስክሯል። ታዲያ ሶላትን ያላዘዙትን የአምስት ዓመት ልጅ፣ እኔ አንዲት አያህ ስለ ረሳ ልመታው ፈቃዱን ከማን አገኘሁ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ እርሱንም ቢሆን አላሰብኩትም ነበር።

እኔ በወጣትነቴ ዓባይን ተሻግሬ ወሎ ላይ ቀርቻለሁ። ሉሕ ይዘን፣ በጥላሸት ቀለም ጽፈን፣ ካጠናን በኋላ አጥበን ሌላ እንጽፍ ነበር። መልካም ዘመን ነበር፤ አርጩሜውም ነበረ። ቤት ስሠራ ለበኩር ልጄ ያወረስኩት ሁለቱንም ነው። በአምስት ዓመቱ ከጁዝእ ዐመ ብዙውን ሸምድዶ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አቁሜ አስቀራዋለሁ፤ ሰው «ማሻአላህ!» ሲል ደረቴ ይሰፋል። ያ የእኔ ሪያእ እንጂ የእርሱ ዕውቀት እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን ጎረምሳ ሆኗል። አልሐምዱሊላህ፣ ቁርኣኑን አልተወውም፤ እኔ ቤት ሳልኖር ይቀራል። እናቱ ነች የነገረችኝ። እኔ ስገባ ይዘጋዋል።

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያን ጊዜ በእጄ ሞንቴሶሪም ሆነ ሌላ መምሪያ ቢሰጠኝ ኖሮ እርሱንም አርጩሜ አደርገው እንደ ነበር ስለማውቅ ነው። «በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት እስከ ሃያ ይቆጥራል» የሚል ገጽ በእንደኔ ያለ አባት እጅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

በሚቀጥለው ወር ሞጣ ሄድኩና ወዳጄን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚያስተምረው ማን ነው?» አልኩት። «እናቱ ናት፤ እኔማ ሱቅ ነኝ» አለኝ። እርሷ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ እንግሊዝኛ አታነብም። ሦስት መምሪያ ሲመረጥ ግን አንድም ቀን አልተጠየቀችም። ጠርቶ ሲጠይቃት መጀመሪያ አፈረች። ቆይታ «ምስር ስለቅም አጠገቤ ተቀምጦ ጠጠሩን ያወጣልኛል፤ ሲደክመው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ትምህርት ይባላል?» አለች። እኔና ወዳጄ ተያየን። ቀጭኑ መምሪያ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ ውኃ መቅዳትን፣ እህል መለየትን፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ ጠረጴዛ መወልወልን ነበር የዘረዘረው። እርሷ ከመጽሐፉ ቀድማ ጀምራዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ መምሪያውን ወዳጄ ማታ ማታ በአማርኛ ይነግራታል፤ የሚሆነውንና የማይሆነውን የምትለየው እርሷ ናት።

የፊደሉን ክፍል ግን እንዳለ ትተነዋል። የእንግሊዝኛው መምሪያ አንድ ፊደል አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ስለሚነበብ ብዙ ገጽ ይፈጃል። የእኛ ፊደል ድምፁን አይለዋውጥም፤ ችግሩ ብዛቱ ነው፣ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231። ይህን ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ አንጥፎ ከላይ እስከ ታች ማስጮኽ በቄስ ትምህርት ቤትም በእኛም ዘንድ የኖረ ልማድ ነው፤ ልጁ ዜማውን ይይዛል፣ ፊደሉን ግን ለይቶ ሲያሳዩት አያውቀውም። እኛ በስሙ ፊደላት ጀመርን። አናጺ እንጨት ከሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት ፊደሉ ተቆርጦ በካርቶን ላይ ተለጠፈ፤ ልጁ በሁለት ጣቱ እየተከተለ ድምፁን ይላል። ትምህርቱ በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ «ይህ በ ነው፤ ይህ ለ ነው» ይባላል። ቀጥሎ «በ የቱ ነው? አምጣልኝ» ይባላል፤ እዚህ ላይ በጨዋታ ብዙ ይቆያል። በመጨረሻ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ካልመለሰ አይነቀፍም፤ ገና አልደረሰም ማለት ነውና ካርቶኑ ይነሣና ሌላ ቀን ይመጣል። የዐረብኛውን አሊፍና ባእም በዚሁ መንገድ አደረግነው፤ ነገር ግን በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ምንጣፍ ላይ፣ በአረንጓዴ ካርቶን። አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ስለሚጀምር ቦታው ከተለየ ልጁ አይምታታበትም። (ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ቤት ሽምብራና ምስር ሳይጠብቁ መተው አደጋ አለው፤ ወደ አፉና ወደ አፍንጫው ይከታል።)

ከሴቲቱ ጋር የማልስማማበትም አለ። ለትንንሽ ልጆች ምናባዊ ተረትን አትወድም፤ ልጁ መጀመሪያ እውነተኛውን ዓለም ይወቅ ትላለች። የሴት አያቶቻችንን ተረት በዚህ ምክንያት ከቤት የማስወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ጅብና ጦጣ የሚነጋገሩበትን ተረት የሰማ የጎጃም ልጅ እውነተኛው ጅብ ሲጮኽ አይሳሳትም፤ ሮጦ ይገባል። በቃል መያዝን በተመለከተም መምሪያዎቹ ብዙ አይሉም፤ የአራት ዓመት ልጅ ጆሮ ግን አላህ የሰጠው ሀብት ነው። ቤቱ ውስጥ ፋቲሓ ሲቀራ ይስማ፤ ሳያስገድዱት ይይዘዋል።

የቤት ትምህርት ብቻውን ይበቃል ብዬም አልመክርም። በልጆቹ ቤት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት አንድ ላይ ነበሩ፤ በደረሳነትም ትልቁ ትንሹን ያስቀራ ነበር። ለብቻው ከእናቱ ጋር የተቀመጠ ልጅ ይህን አያገኝም። በሞጣ ሦስት ቤተሰቦች ተስማምተው ልጆቹን በሳምንት ሦስት ቀን በአንድ ቤት ያገናኛሉ። የጎረቤታቸው ክርስቲያን ልጅም ፊደሉን ከእነርሱ ጋር ይቆጥራል፤ የእናቱ ድርሻ ምንጣፉንና ሰፌዱን ማምጣት ነው። በዚያች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ስላደረገው፣ በአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት ክፍት ከሆነና መንገዱ ሰላም ከሆነ ላኳቸው። ጠዋት የተማረ ልጅ ከሰዓት ምስር ከመልቀም የሚከለክለው የለም።

የወዳጄ ጥያቄ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ባለፈው ስንገናኝ «ይቀድማል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ልጁ አሁን አንድ ሥራ ይዞ ሳይነሣ ረዥም ጊዜ ይቆያል፤ ሲጨርስ ዕቃውን ወደ ቦታው ይመልሳል። አባቱ ይህን እንደ ትርፍ ይቁጠረው አይቁጠረው ገና አልወሰነም።

እኔም ቤቴ ከአራት ዓመቷ ታናሽ ልጄ ጋር ጀምሬያለሁ። ባለፈው ጁሙዓ ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ወደ ስኒ ውኃ ትገለብጥ ነበር። ከፊቷ ትሪ፣ ከጎኗ ጨርቅ አለ። ሁለት ስኒ ሞላች፤ በሦስተኛው እጇ ከበዳትና ውኃው ትሪውን አልፎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እጄ ወደ ማንቆርቆሪያው ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። እርሷ ጨርቁን አንሥታ መጥረግ ጀመረች። ትልቁ ልጄ ደጃፉ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ መኖሩን አላወቅሁም።

«አባ» አለኝ፤ «እኔ ባፈሰው ኖሮስ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጅቱ ጨርቁን በሁለት እጇ ጨምቃ፣ እንድሞላላት ባዶውን ማንቆርቆሪያ ወደ እኔ ዘረጋችው። እኔ ከመነሣቴ በፊት ወንድሟ ተቀበላትና ወደ በርሜሉ ሄደ።